የማን ቤት? «ቨርናኩላር» ስለሚባለው ቅጽል

ባለፈው ዓመት በምኖርበት ከተማ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የስደተኛ ጸሐፊዎች ምሽት አዘጋጅቶ ነበር። ከእኛም ሰው አንድ ገጣሚ ተጋብዟል። መድረኩን የምትመራው ሴት በደግነትና በፈገግታ «በቨርናኩላር የሚጽፍ ገጣሚ» ብላ አስተዋወቀችው። ዕድሜያቸውን በአማርኛ መምህርነት የፈጁ አንድ አዛውንት፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምን አለችው?» አሉኝ።

«በአገሩ ቋንቋ የሚጽፍ ማለቷ ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ እሷስ የምትጽፈው በማን አገር ቋንቋ ነው?» አሉ።

ሳቅሁ። መልስ ግን አልነበረኝም። ገጣሚው ሦስት ግጥም አነበበ፤ ትርጉሙም ተነበበ። ወደ ጥያቄ ሲገባ አምስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። አምስቱም የጠየቁት ለምን በአማርኛ እንደሚጽፍ ነበር። ስለ ግጥሞቹ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የእኛ ሰዎችም ተነሥተው ያመሰገኑት ቋንቋውን ስላልረሳ ነው። ያቺ አንዲት ቅጽል ግጥሙን ሸፍና ከመድረኩ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለጋሼ ጥያቄ ያልሰጠሁትን መልስ ፍለጋ ነው።

ለዚህ ቃል በተለምዶ የምንሰጣቸው ትርጉሞች አሉን፦ «የአገር ቋንቋ»፣ «የአፍ መፍቻ ቋንቋ»፣ «የሕዝብ ቋንቋ»፣ አንዳንዴም «ተራ ቋንቋ»። እያንዳንዱ የቃሉን አንድ ጎን ይዞ ሌላውን ይደብቃል። «የአገር ቋንቋ» ስንል የበታችነቱ ይጠፋል። «ተራ» ስንል ደግሞ ቤተኛነቱ ይጠፋል። «የአፍ መፍቻ» ያልን እንደሆነ ነገሩ የእናትና የልጅ ጉዳይ ብቻ ይሆንና ጌታና ሎሌ ከክፍሉ ይወጣሉ። ቃሉ ግን የተወለደው እነዚህ ሁሉ አንድ ጣሪያ ሥር ሳሉ ነው።

ሥሩ ላቲን ነው። «ቬርና» ማለት በጌታው ቤት የተወለደ ባሪያ ነው፤ ከገበያ ያልተገዛ፣ በጦርነት ያልተማረከ፣ እናቱ በዚያው ቤት ባሪያ ሳለች የወለደችው። አማርኛ ለዚህ ሰው ስም አልቸገረውም። «ውላጅ» ይባል ነበር። ከቬርና «ቬርናኩሉስ» የሚለው ቅጽል ወጣ። በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 14፣ አብራም የተማረከውን ሎጥን ለማስመለስ ሲነሣ ያሰለፋቸው 318 የቤቱ ሰዎች የተጠሩት በዚህ ቃል ነው። በቤቱ የተወለዱ ናቸው፤ ያምናቸዋል፤ ጦር ያስታጥቃቸዋል፤ ግን ንብረቱ ናቸው። ሮማውያን ውላጁን በምላሰኛነቱም ያውቁታል። ቤቱን ከውስጥ ስለሚያውቅ፣ ከገበያ የመጣው ባሪያ የማይደፍረውን ቃል በጌታው ፊት ይናገራል፤ ጌታውም ይስቃል።

ከዚያ ቃሉ ከሰው ወደ ንግግር ተሻገረ። ቫሮ የተባለው የሮማ ሊቅ የዓሣ ስሞችን ሲዘረዝር ቤት ያፈራቸውና ከውጭ የመጡ ብሎ ይለያቸዋል። የመጀመሪያዎቹን የሚጠራቸው በዚህ ቅጽል ነው። ቅጽሉ እዚህ ላይ የባርነት ሽታ የለበትም። እንዲያውም ኪኬሮ «ብሩቱስ» በተባለው ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ ወደ ሌላኛው ጫፍ ይወስደዋል። ከፕላኬንትያ የመጣ ቲንካ የሚባል ቀልደኛና ግራንዩስ የሚባል የሮማ ጨረታ አዋጅ ነጋሪ በቀልድ ሲፎካከሩ፣ ግራንዩስ የሚያሸንፈው በማይጨበጥ አንድ «ቬርናኩሉስ» ጣዕም ነው ይላል። እዚያ ላይ ቃሉ የዋና ከተማው ለዛ ማለት ነው፤ ከውጭ የመጣ ሰው ቢማር ቢማር የማያገኘው።

ኪኬሮ ወዲያው አንድ ታሪክ ያስከትላል። ቴዎፍራስጦስ፣ የአርስጣጣሊስን ትምህርት ቤት የወረሰው ፈላስፋ፣ የሌስቦስ ደሴት ልጅ ነው። ዕድሜውን በአቴና ኖሮ ከማንም በተሻለ የአቴናን ቋንቋ ይናገራል። አንድ ቀን ከአንዲት አሮጊት ነጋዴ ጋር ዋጋ ሲከራከር ሴትየዋ ስትመልስለት «እንግዳው» ብላ ጠራችው። ክፉኛ ከነከነው። አሮጊቷን እኛም እናውቃታለን። ሃያ ዓመት ከኖርንበት ሰፈር ገንዘብ ተቀባዩ አፋችንን ገና ስንከፍት «ከየት ነህ?» ይለናል። ኪኬሮ ራሱ የአርፒኑም ልጅ እንጂ የሮማ ተወላጅ አለመሆኑን ለሚያስታውስ ታሪኩ የበለጠ ይገባዋል። ስለ ቤተኛ ጣዕም አጥብቆ የሚያስበው ቤተኛነቱ የሚጠየቅበት ሰው ነው።

እንግዲህ ቅጽሉ ገና ከላቲን ሳይወጣ ባሪያውንም ባለ ከተማውንም ይጠራ ነበር። የአውሮፓ ቋንቋዎች ሲወርሱት እያንዳንዱ ለራሱ የሚመቸውን ቆርሶ ወሰደ። በጣሊያንኛ «ቬርናኮሎ» የአንድ ከተማ ሰፈርኛ ነው፤ በተለይ ቶስካና ውስጥ በቬርናኮሎ የሚሠራ ቲያትር ሕዝብ የሚስቅበት ነው፤ ሊቮርኖም ከዚሁ ቃል ስሙን ያወጣ የፌዝ ጋዜጣ አላት። በፖርቱጋልኛ ነገሩ ይገለበጣል። «ቬርናኩሎ» ባዕድ ቃል ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ፖርቱጋልኛ ነው። ብራዚል ውስጥ የሕግ ሰዎች ሰነድ ወደ «ቬርናኩሎ» ይተርጎም ሲሉ በመርከብ የመጣውን የቅኝ ገዢውን ቋንቋ ማለታቸው ነው። በፔሩ ስፓኝኛ ደግሞ «ቬርናኩላ» የሚባሉት ኬቹዋና መሰሎቹ፣ ከስፓኝኛ በፊት የነበሩት ናቸው። ፈረንሳዮች «ቬርናኩሌር»ን «ቬይኩሌር» ከሚሉት አጠገብ ያቆሙታል፤ አንደኛው ቤት የሚቀመጥ፣ ሁለተኛው ዕቃ ጭኖ ገበያ ለገበያ የሚዞር ቋንቋ ነው።

የእንግሊዝኛው ታሪክ ከእነዚህ ሁሉ ይወሳሰባል። ዳንቴ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ስለ ሕዝብ ቋንቋ በላቲን የጻፈው መጽሐፍ አለ። ያለ ሰዋስው ሕግ ከሞግዚት አፍ ሰምተን የምንለምደው ቋንቋ፣ በትምህርት ከሚገኘው ይልቅ ክቡር ነው ይላል። እሱ የተጠቀመበት ቃል ግን «ቩልጋሪስ» ነው፤ የብዙኃኑ፣ የሕዝቡ ማለት። ያ ቃል በእንግሊዝኛ ውሎ አድሮ ብልግና ማለት ሆነ። ስለዚህ ብዙ ተርጓሚዎች ዳንቴን ከመጥፎ ሽታ ለማዳን «ቨርናኩላር» አስገቡለት። ሕዝብ የሚለውን አውጥተው ውላጅ የሚለውን ሲያስገቡ ማንም ልብ አላለም። ልብ ብንል ግን ዳንቴ ያነሣት ሞግዚት ወደ ድሮው ቤት ትመልሰናለች። በሀብታም ሮማውያን ቤት ልጅ የምታሳድገው ብዙ ጊዜ ባሪያ ነበረች። ጌታው የመጀመሪያ ቃሉን የሚማረው ከእሷ ነው።

ግዛት ሲመጣ ቃሉ ማኅተም ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1878 የሕንድ እንደራሴ ሎርድ ሊተን «የቨርናኩላር ፕሬስ ሕግ» አወጣ። ሕጉ የተጫነው በሕንድ ቋንቋዎች በሚታተሙ ጋዜጦች ላይ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚታተሙትን አይነካም። በቤንጋሊና በእንግሊዝኛ ይወጣ የነበረው «አምሪታ ባዛር ፓትሪካ» ከሕጉ ለማምለጥ ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ። አንድ ቅጽል የአንድን ጋዜጣ ቋንቋ አስቀየረች። በኬንያ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ጊኩዩ ሲናገር የተያዘ ልጅ ይገረፍ ወይም የውርደት ምልክት አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት እንደነበር ይተርካል።

በ1953 ዩኔስኮ ስለ ትምህርትና ቋንቋ ባወጣው ሰነድ ቃሉን ሲፈታ፣ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ወገን በማኅበራዊ ኑሮ ወይም በፖለቲካ የተጫነው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ነው አለ። ይህን ፍቺ አከብረዋለሁ። ነገሩ የሰዋስው ሳይሆን የሥልጣን መሆኑን በግልጽ አስቀምጧልና። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ላቦቭ በ1972 የጥቁር አሜሪካውያንን እንግሊዝኛ የመረመረበትን መጽሐፍ ሲያሳትም ይህንኑ ቃል ርእሱ ውስጥ አስገባ። ለእሱ ቃሉ ሰው ራሱን ሳይቆጣጠር፣ ሳይጨነቅ የሚናገረው ንግግር ነው። ሥራውም ያ እንግሊዝኛ የራሱ ሕግ ያለው ሙሉ ቋንቋ መሆኑን ያሳየ ነው። ግን በባርነት ተወልደው ያለፉ ሰዎች ልጆች ለሚናገሩት ቋንቋ በጌታ ቤት ከተወለደ ባሪያ የወጣ ስም መሰጠቱን ሳስብ ቆም እላለሁ።

ወደ እኛ ስንመጣ ቃሉ ደጃችንን ካንኳኳ ቆይቷል። ኢዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ርእስ፣ አማርኛን የሐበሾች «ቬርናኩላ» ብሎ ይጠራዋል። መምህሩ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1649 ሮም ተገናኝተው፣ በ1652 ወደ ጎታ መጥተው አስተማሩት። እሳቸው በ1658 የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ አረፉ። መጽሐፉ የወጣው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ ለስድብ አልጻፈውም። ግእዝ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ሰው የሚነጋገርበት ነው፤ ያን ለመለየት ነው። በዚያው ዘመን ግን አገር ቤት አማርኛ «ልሳነ ንጉሥ» ይባል ነበር። በአንደኛው ስም ውላጅ፣ በሌላኛው ንጉሥ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። በመጽሐፉ ፊት ቆሞ ላየው አማርኛ አገልጋይ ነው፤ በአደባባዩ ላይ ላየው ጌታ ነው።

አገልጋይነቱን የአንድምታ ጉባኤ ያየ ያውቀዋል። ንባቡ ግእዝ ነው፤ ትርጓሜው አማርኛ። አማርኛ ከወንበሩ ሥር ተቀምጦ ለግእዝ ይላላካል። ግን ያቺን «አንድም» የምትል ቃል ልብ እንበል። ንባቡ አንድ ነገር ብሎ ሲያበቃ አማርኛ ይነሣና እንዲህም ሊሆን ይችላል ይላል፤ ደግሞም ሌላ ይጨምራል። የሮማው ውላጅ በጌታው ፊት ምላሱ እንደሚፈታው፣ አማርኛም በግእዝ ፊት የተፈታው በ«አንድም» ነው ብዬ አምናለሁ። ማብራራት ድፍረት ይጠይቃል። የእኛ የሂስ ባህልም ከየትም ከመጣ ከዚያ መጥቷል።

ጌታነቱን ደግሞ ለመናገር እናፍራለን። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አማርኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ፣ በዩኔስኮ ፍቺ ብንሄድ የአገሪቱ ቨርናኩላሮች እነማን እንደነበሩ ግልጽ ነው። ኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን የታተመው በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ ሆኖ የተረጎመው ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነበር። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖም ከባርነት ነጻ የወጣች ሴት ናት። ቬርና ማለት ምን እንደሆነ እነዚህ ሁለቱ ላቲን ሳይማሩ ያውቁታል። ባይተዋር በሆኑበት ቤት ተቀምጠው የሕዝባቸውን ቋንቋ መጽሐፍ አደረጉት።

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ይላል ያገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ በስደት የምንጽፈው ሂስ ይህንን ይመስላል። በእንግሊዝኛ ፊት ስንቆም የተበደለ የአገር ቋንቋ ተናጋሪ ነን፤ ንጉጊን እንጠቅሳለን፤ እንባችን ቅርብ ነው። ፊታችንን ወደ አገር ቤት ስናዞር ግን ያው ቋንቋችን ሌላው ቤት ውስጥ የነበረውን ቦታ እንረሳለን። «ቨርናኩላር» የሚለውን ቃል ለራስ ብቻ ወስዶ ለጎረቤት መከልከል አይቻልም። ቃሉ የአንድ ቋንቋ ጠባይ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር። እሱ ግን የሁለት ቋንቋዎች አቀማመጥ ስም ነው። ጠሪው ቦታ በቀየረ ቁጥር የሚጠራውም ይቀየራል።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። የአማርኛ ሰዋስው ፍራንክፈርት ታተመ። አብርሃም የሚባሉት አባ ሩሚ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የመለሱት ካይሮ ተቀምጠው ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ በ1908 የወጣው ሮም ነው። «ቤት የተወለደ» የምንለው ቋንቋ ለኅትመት የበቃው ደጋግሞ በሰው አገር ነው። ስለዚህ በስደት አማርኛ የሚጽፍ ሰው ከቤቱ የወጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆየ መንገድ ነው የያዘው። «በባዕድ አገር ሆኖ እንኳ» እያልን የምንደነቅበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ያለንበትን ክፍል ልመልከት። አንሪ ጎባር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋን በአራት አስቀምጦታል፦ የቅርብ የሆነው የቤቱ፣ በየቦታው የሚያገበያየውና የሚያስተዳድረው፣ የባህልና የትዝታ የሆነው፣ በመጨረሻም ከሩቅ ከላይ የሚመጣው የቅዱሱ። አንድ ቋንቋ በአንዱ ሳጥን ታስሮ አይቀርም። በእኔ ዘመን አማርኛ ሁለቱን የመጀመሪያ ቦታዎች ይዞ ነበር፤ ግእዝ ደግሞ የመጨረሻውን። እዚህ አገር እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስቆም የማየው ሌላ ነው። ቅዳሴው በግእዝ ይጀመራል፤ አማርኛው ይከተላል፤ ከዚያ ስብከቱ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ይደገማል። ልጆቹ አማርኛው ሲነበብ የሚያሳዩትን ፊት አውቀዋለሁ። እኔ በልጅነቴ ግእዝ ሲነበብ የማሳየው ፊት ነው፤ አክብሮት አለበት፤ መግባባት የለበትም። አማርኛ ለእነሱ ከማእድ ቤት ተነሥቶ ወደ መቅደሱ እየሄደ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ ክብር ያየዋል። እኔ ግን እፈራዋለሁ። ሰው በማይቀልድበት፣ በማይቆጣበት፣ «አንድም» ብሎ በማይከራከርበት ቋንቋ ግጥም አይጻፍም። ቢጻፍም የሚያነበው አያገኝም።

ሂስ እዚህ ላይ ሥራ አለበት። በየገጻችን የምናወጣቸውን የመጽሐፍ ግምገማዎች ላንብባቸው ብል፣ የራሴንም ጨምሮ፣ «በአፍ መፍቻ ቋንቋው በመጻፉ ሊመሰገን ይገባል» የምትል ዓረፍተ ነገር አላጣም። ጸሐፊውን የምናመሰግነው ውላጅ ከቤቱ ስላልኮበለለ እንደሚመሰገን ነው። ያቺ የመድረክ መሪ ባሰበችው ደግነትና በእኛ ምስጋና መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ሁለታችንም ግጥሙን ሳናነብ ቋንቋውን ሸልመን ወደ ቤታችን ሄድን። የዚያ ሰው ሁለተኛ ግጥም ስለ አንዲት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበር። መካከሉ ላይ ይላላል፤ መጨረሻው ግን በጣም ጥሩ ነው። ይህንን አንድ ሰው ቢነግረው ኖሮ ቋንቋውን ከማመስገን የበለጠ ለአማርኛ በጠቀመ ነበር።

ትርጉሙን በተመለከተ አንድ ወጥ ቃል አላቀርብም። ስለ ዳንቴ ስንጽፍ «የሕዝብ ቋንቋ» እንበል፤ እሱ ያለው እሱን ነውና። ስለ ሊተን ሕግ ስንጽፍ «የተገዢዎች ቋንቋ» እንበል። ስለ ሉዶልፍ ሰዋስው ስንጽፍ «መነጋገሪያ ቋንቋ» ይበቃል። የኪኬሮን ስንተረጉም «ለዛ» ከሚለው የሚሻል አላገኘሁም። በየቦታው ቃሉን ከመምረጣችን በፊት የማን ቤት እንደሆነና ጠሪው የት እንደቆመ እንጠይቅ።

ከዚያ ምሽት ከሳምንታት በኋላ ጋሼን ደወልኩላቸውና የቃሉን ሥር ነገርኳቸው። ውላጅ ስላቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«አባቴን ያሳደገችው ውላጅ ነበረች» አሉኝ። «እናቷ ሌላ ቋንቋ ነበራት አሉ፤ ለልጇ አላስተማረቻትም። አባቴ ተረቱን ሁሉ የተማረው ከእሷ ነው። እኔም ከአባቴ ተማርኩት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ያስተማርኩበት ነው። ስሟን ግን አባቴ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነው።»

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። ቆየት ብለው የዚያን ገጣሚ መጽሐፍ እንዳገኝላቸው ጠየቁኝ፤ ስለ ጽዳት ሠራተኛዋ የጻፈውን እንደገና ሊያነቡት ፈልገዋል።